የቀን ቃል በፊደል ገበታ፦ አጨዋወቱና አፈታቱ

አንድ ሰው በልቡ አንድ ቃል ይይዛል። ሌሎቹ ቃሉን በስድስት ግምት ውስጥ ለማግኘት ይሞክራሉ፤ ግምት በሰጡ ቁጥርም ከጻፏቸው ፊደላት የትኛው በቦታው እንደገባ፣ የትኛው ቃሉ ውስጥ ኖሮ ቦታውን እንደሳተ፣ የትኛው ደግሞ ጭራሽ እንደሌለ በቀለም ይነገራቸዋል። በቀን የሚፈቀደው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ያገኘም ያላገኘም እስከ ነገ ይጠብቃል። ከዚህ የበዛ ሕግ ስለሌለው ጨዋታውን ለመልመድ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ደኅና አድርጎ ለመጫወት ግን፣ በተለይ በአማርኛ ሲሆን፣ ስለ ፊደላችን አሠራር ጥቂት ማሰብ ያስፈልጋል።

ጨዋታው በዓለም ዙሪያ የታወቀው ዎርድል በሚባለው የእንግሊዝኛ ቅጂ ነው። በኒው ዮርክ ብሩክሊን ይኖር የነበረው የዌልስ ተወላጅ የሶፍትዌር መሐንዲስ ጆሽ ዋርድል ይህን ጨዋታ የሠራው የቃል ጨዋታ ለምትወደው ለፍቅር አጋሩ ለፓላክ ሻህ ሲሆን፣ ለሕዝብ የከፈተው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ነው። በኖቬምበር 1 ቀን የተጫወቱት 90 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ በጃንዋሪ 2022 መጀመሪያ ላይ የተጫዋቾቹ ቁጥር ከ300,000 አለፈ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። የተሰወረን ነገር በምልክት እየተመሩ መድረስ ራሱ ከዎርድል የቆየ ሐሳብ ነው፤ በ1970ዎቹ በባለ ቀለም ችካሎች ይጫወቱት የነበረው ማስተርማይንድ በዚሁ መንገድ ይሠራ ነበር።

የእንግሊዝኛው ጨዋታ በ26 ፊደላት ላይ የቆመ ነው፤ ተነባቢው ለብቻው፣ አናባቢውም ለብቻው ይጻፋል። የእኛ ፊደል ሁለቱን በአንድ ምልክት አጣምሮ የያዘ በመሆኑ ሒሳቡ ይለወጣል። የፊደል ገበታው 33 ረድፍና ሰባት ዓምድ፣ በድምሩ 231 ፊደላት አሉት፤ እነ «ቋ»፣ «ጓ» እና «ኳ» ገና አልተቆጠሩም። የእንግሊዝኛውን ሕግ እንዳለ ብንወስደው «ሰ» ብሎ የገመተ ተጫዋች፣ የተሰወረው ቃል በዚያው ቦታ «ስ» ቢኖረው እንኳ፣ የሚያገኘው መልስ «የለም» የሚል ይሆናል። ከቃሉ ደጃፍ ደርሶ ሳለ ከሩቅ እንደ ቆመ ይቆጠርበታል ማለት ነው። እኛ ቤት ለሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ተጫውተን፣ አብዛኛው ቀን ቃሉን ማንም ሳያገኝ ስለመሸ፣ በእንግሊዝኛው የሌለ አንድ ቀለም ጨመርንበት። ከዚህ በታች የማስረዳው ይህንኑ ባለ አራት ቀለም አጨዋወት ነው።

ለመጫወት የሚያስፈልገው ወረቀትና እርሳስ፣ ወይም የቴሌግራም ቡድን ነው። የእኛ ቤተሰብ በተለያየ ከተማ የተበተነ ስለሆነ በቴሌግራም እንጫወታለን፤ በተራው ቃል የሚሰውረው ሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ «ቃል ይዣለሁ» ብሎ ይጽፋል፣ ግምት የሚሰጠውም ግምቱን ለእርሱ ብቻ በግል ይልካል፣ መልሱም በባለ ቀለም ካሬዎች ይመለስለታል። ቃሉ ባለ አራት ፊደል እንዲሆን ተስማምተናል። ባለ ሦስት ፊደል ቃላት እጅግ ብዙና እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ስለሆኑ አፈታቱ በዕድል ላይ ይወድቃል፤ አምስት ፊደል ሲሆን ደግሞ ያለ ቅጥያ የቆመ፣ ሁሉም የሚያውቀው ቃል ማግኘት ለሰዋሪው ይከብዳል።

የቀለሞቹ ትርጉም እንደሚከተለው ነው። አረንጓዴ ማለት ያ ፊደል፣ ከነድምፁ፣ በዚያው ቦታ አለ ማለት ነው። ቢጫ ማለት ያው ፊደል፣ አሁንም ከነድምፁ፣ ቃሉ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። ሰማያዊው እኛ የጨመርነው ሲሆን፣ በዚያ ቦታ ላይ ያለው ፊደል ከዚሁ ረድፍ ነው፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው ማለት ነው፤ «በ» ብለህ ጽፈህ በቦታው «ቡ» ወይም «ብ» ቢኖር ሰማያዊ ታገኛለህ። ግራጫ ከሦስቱ አንዱም ያልሆነ ነው። በአንድ ቦታ ላይ ቢጫም ሰማያዊም የሚገባ ሲሆን ሰማያዊው ይቀድማል፤ ይህችን ትንሽ ድንጋጌ አትናቋት፣ በኋላ በአፈታቱ ላይ ትጠቅማለች።

አራቱንም ቀለሞች በአንድ ግምት የሚያሳይ ምሳሌ ልስጥ። የተሰወረው ቃል «ወንበር» ነው እንበል፤ አንድ ሰው «በርበሬ» ብሎ ገመተ። የመጀመሪያው «በ» ግራጫ ይሆናል፤ ምክንያቱም «ወንበር» ያለው አንድ «በ» ብቻ ሲሆን፣ እርሱንም በሦስተኛው ቦታ የተጻፈው «በ» በትክክል መትቶ አረንጓዴ አድርጎታል። አንድ ፊደል በግምቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በቃሉ ውስጥ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ካለ፣ ምልክቱ የሚሰጠው ለአንዱ ነው፤ በቦታው የገባ ካለ ቅድሚያው የእርሱ ነው። ሁለተኛው ፊደል «ር» ቢጫ ነው፤ ቃሉ ውስጥ አለ፣ ቦታው ግን አራተኛ ነው። የመጨረሻው «ሬ» ደግሞ ሰማያዊ ነው፤ በዚያ ቦታ የተቀመጠው «ር» ከዚያው ረድፍ ነውና። ሰማያዊ የሚናገረው ስለ ቦታው ብቻ ስለሆነ የቢጫውን ድርሻ አይወስድም። እንግዲህ መልሱ ግራጫ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ሆነ።

የፊደል አጻጻፍን ጉዳይ ከመጀመሪያው መወሰን ግድ ነው፤ አለዚያ ጨዋታው በክርክር ያልቃል። በአማርኛ ንባብ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» አንድ ድምፅ ናቸው፤ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ»ም እንዲሁ። አንድ ቀን «መጽሐፍ» የሚለውን ቃል ሰውሬ እኅቴ «መፅሀፍ» ብላ ላከችልኝ፤ እኔም የመዝገበ ቃላቱን አጻጻፍ ይዤ ሁለቱን መካከለኛ ፊደላት ግራጫ አደረግሁባቸው። ቃሉን ስታውቅ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጨዋታው ሲባል ሞክሼ ፊደላት ሁሉ እንደ አንድ ረድፍ ይቆጠራሉ፤ «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ»፣ «ጎ» እና «ጐ»፣ «ቁ» እና «ቍ»ም ልዩነት አይደረግባቸውም። ሞክሼዎቹ እንዲለዩ የሚፈልግ ቡድን ካለ መብቱ ነው፤ ግን ስድስት ግምት አይበቃውም።

ሌላው ስምምነት ምን ዓይነት ቃል ይሰወራል የሚለው ነው። በአማርኛ አንድ ግስ በአድራጊው፣ በተደራጊው፣ በጊዜውና በአሉታው እየተለዋወጠ በጣም ብዙ መልክ ስለሚያወጣ፣ እነ «ሰበረች»ና «ይሰብራል» ከተፈቀዱ ፍለጋው ማለቂያ የለውም። ስለዚህ የሚሰወረው ቃል ስም ወይም ቅጽል ይሆናል፤ በመዝገበ ቃላት ራሱን ችሎ የሚገኝ፣ «ው»፣ «ኦች» ወይም «ዬ» ያልተቀጠለበት፣ የሰውና የቦታ መጠሪያም ያልሆነ። ለግምት ግን «መወሰን»፣ «መቀበል» የመሳሰሉትን የግስ አርእስቶች መጻፍ ይፈቀዳል። ሰፋ ማድረጉ ለምን እንደሚጠቅም ወደ ኋላ ይታያል።

አሁን ወደ አፈታቱ እንግባ። ጀማሪ ተጫዋች የሚሳሳተው እያንዳንዱን ግምት ቃሉን ለመምታት እንደሚወረወር ድንጋይ ስለሚያየው ነው። ግምት ጥያቄ ነው፤ ጥሩ ግምት የሚባለውም መልሱ ምንም ይሁን ምን ብዙ ነገር የሚያስጥልልን ነው። በፊደላችን ደግሞ እያንዳንዱ ግምት በአንድ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፤ አንዱ የትኛው ረድፍ፣ ሁለተኛው የትኛው ድምፅ። ሁለቱን ለይቶ ለመያዝ የሚሻል መሣሪያ ያገኘሁት ልጅ ሆነን «ሀ ሁ ሂ» የተማርንበትን የፊደል ገበታ ራሱን ነው። አንድ ገበታ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ አጠገብ ማስቀመጥና በእርሳስ እየሰረዙ መሄድ፣ በጭንቅላት ከመያዝ ይልቅ እጅግ ይቀላል።

አሰራረዙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ቦታ የጻፍከው «ሰ» ግራጫ ሆነ እንበል። ይህ ሁለት ነገር ይነግርሃል፦ «ሰ» የሚለው ፊደል ቃሉ ውስጥ በየትም ቦታ የለም፤ እንዲሁም በመጀመሪያው ቦታ ከ«ሰ» ረድፍ ሰባቱም አይገቡም፣ አንዱ ቢገባ ኖሮ ሰማያዊ ይሆን ነበርና። ነገር ግን «ስ» ወይም «ሳ» በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቦታ ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው ግራጫ ሲያይ ረድፉን በሙሉ ከገበታው ይሰርዛል፤ ከዚያ «ጠርሙስ»ን የመሰለ ቀላል ቃል ፊቱ ቆሞ ሳያየው ይቀራል። ቢጫ ደግሞ ከላይ ባልኩት የቅድሚያ ድንጋጌ ምክንያት ከሚመስለው በላይ ይናገራል፦ በሁለተኛው ቦታ የተጻፈ «ረ» ቢጫ ከሆነ «ረ» ሌላ ቦታ መኖሩን ብቻ ሳይሆን፣ በሁለተኛው ቦታ ከ«ረ» ረድፍ ማንም አለመኖሩን ጭምር እናውቃለን።

ለመክፈቻ የሚመረጠው ቃል አራት የተለያዩ ረድፎችን የሚነካ፣ ፊደላቱም በአማርኛ አዘውትረው የሚገኙ ቢሆን ይመረጣል። እኔ ለረጅም ጊዜ «ሰንበት» በሚለው ቃል ስከፍት ቆይቻለሁ። «ን» እና «ት» በሳድስ መሆናቸው ይጠቅማል፤ ሳድስ አናባቢ ለሌለው ድምፅም ስለሚያገለግል ከሰባቱ ዓምዶች በጽሑፋችን ውስጥ በብዛት የሚገኘው እርሱ ነውና። መልሱ ከሞላ ጎደል ግራጫ ከሆነ ሁለተኛው ግምቴ «መድረክ» ነው፤ ከ«ሰንበት» ጋር አንድም የሚጋራው ረድፍ ስለሌለው በሁለቱ ግምት ስምንት ረድፎች ይጠየቃሉ። «ቲማቲም»ን በመሰለ ቃል መክፈት ግን ጥያቄን ማባከን ነው፤ አራት ፊደል ጽፎ የሚጠይቀው ስለ ሁለት ረድፍ ብቻ ነውና።

አንድ ቀን የተጫወትኩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላሳይ። «ሰንበት» ብዬ ላክሁ፤ የተመለሰልኝ ግራጫ፣ ግራጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ነበር። ስለዚህ ቃሉ በ«ት» ያበቃል፤ ሦስተኛው ፊደል ከ«በ» ረድፍ ነው፣ «በ» ራሱ ግን አይደለም። እዚህ ላይ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጡት «ጉልበት»ና «ቁርበት» ናቸው፤ ሁለቱም ስሕተት ናቸው፣ በሦስተኛው ቦታ የያዙት ያንኑ የተከለከለውን «በ» ነውና። ሰማያዊን እንደ አረንጓዴ ማንበብ ከሁሉ የተለመደ ስሕተት ስለሆነ፣ ሰማያዊ ባየሁ ቁጥር ከገበታው ላይ የጻፍኩትን አንዱን ፊደል ሰርዤ የቀሩትን ስድስቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፦ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ። «ቤ» ላይ ስደርስ «ጎረቤት» መጣልኝ።

«ጎረቤት» ብዬ ስልክ መልሱ ግራጫ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ሆነ። «ቤ»ም ወደቀ ማለት ነው። «ረ» ግን አለ፤ በሁለተኛው ቦታ አይደለም፣ ሦስተኛውን የ«በ» ረድፍ ይዞታል፣ አራተኛው «ት» ነው፤ የቀረለት የመጀመሪያው ቦታ ብቻ ነው። በ«ረ» የሚጀምር፣ በ«ት» የሚያልቅ፣ መካከሉ አንድ ያልታወቀ ፊደልና ከ«ቡ»፣ «ቢ»፣ «ባ»፣ «ብ»፣ «ቦ» አንዱ የሆነ ቃል መፈለግ ነበረብኝ። በ«ረ» የሚጀምሩ ስሞች ብዙ አይደሉም፤ ቢሆንም ወዲያው አልመጣልኝም። እንደ ቄስ ተማሪ ገበታውን ከላይ ወደ ታች እየወረድኩ በሁለተኛው ቦታ «ለ»፣ «መ»፣ «ሸ»፣ «ቀ» እያልኩ ስከት ቆይቼ «ከ» ላይ ስደርስ ቃሉ ወጣ፤ «ረከቦት»። ያሳፈረኝ ረከቦቱ ያን ጊዜ ከነሲኒዎቹ ፊት ለፊቴ መቀመጡ ነው።

ሁልጊዜ በሦስተኛው አይገኝም። ፊደላቱን መሰረዝ ብቻ የማያደርስበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ የሚረዳው የአማርኛ ስሞች የሚሠሩበትን መልክ ማወቅ ነው። ከመጨረሻው ፊደል መጀመር ይሻላል። ከ«ሀ»ና ከ«አ» ረድፎች በቀር፣ ስም በግእዝ ፊደል አያበቃም ማለት ይቻላል፤ በግእዝ የሚያበቃው እንደ «ሰበረ» ያለ ግስ ነው። በካዕብ የሚያበቃ ቃልም አብዛኛውን ጊዜ እንደ «ቤቱ» ቅጥያ ያለበት ስለሆነ በእኛ ሕግ ይወድቃል። ስለዚህ ለአራተኛው ቦታ በመጀመሪያ ሳድስን፣ ቀጥሎ ራብዕን መሞከር፣ ከዚያ «ብርጭቆ»ንና «ዝንጀሮ»ን ወደ መሰሉት ሳብዖች፣ «በርበሬ»ን ወደ መሰሉት ኃምሶችም መሻገር ነው። ሣልስ ሲመጣ ድርጊቱን የሚፈጽመውን ሰው መጠርጠር ይገባል፤ እንደ «ተማሪ»፣ «አስተማሪ» ያለውን።

ከሁሉ በላይ የሚክሰው ግን የመሣሪያ ስሞችን ቅርጽ ማወቅ ነው። «ከፈተ» ሲል «መክፈቻ»፣ «ጠበሰ» ሲል «መጥበሻ»፣ «ቆረጠ» ሲል «መቁረጫ»፣ «ከደነ» ሲል «መክደኛ»፣ «ሰቀለ» ሲል «መስቀያ» ይወጣል። በመጀመሪያ «መ» ይገባል፣ በመጨረሻም የግሱ ሦስተኛ ፊደል ይላላና «ተ» ወደ «ቻ»፣ «ሰ» ወደ «ሻ»፣ «ጠ» ወደ «ጫ»፣ «ነ» ወደ «ኛ»፣ «ለ» ወደ «ያ» ይለወጣል። እንግዲህ በአራተኛው ቦታ ከእነዚህ አንዱ አረንጓዴ ሆኖ ከተገኘ፣ የመጀመሪያው ፊደል «መ» ስለመሆኑ መወራረድ ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ «ሰ» እና «ሸ» በገበታው ላይ የተለያዩ ረድፎች ስለሆኑ፣ «መጥበሻ» ተሰውሮ ሳለ በአራተኛው ቦታ «ስ» የጻፈ ሰው የሚያገኘው ግራጫ ነው፤ ለጆሮው «ጥብስ» ላይ ደርሶ ሳለ ቀለሙ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። «ኛ» ግን ከመሣሪያ ሌላ «ሠራተኛ»ንና «ፈረሰኛ»ንም ስለሚያመጣ ውርርዱ ይቀንሳል። ሦስተኛው «ነ»፣ አራተኛው «ት» ከሆኑ ደግሞ የቃሉ ግማሽ ተፈታ ማለት ነው፤ የቀሩት ሁለት ፊደላት «ልጅ»፣ «ሰው»፣ «ደግ» የመሰለ ሙሉ ቃል ናቸው፤ «ልጅነት»፣ «ሰውነት»፣ «ደግነት» እያሉ መሄድ ነው።

ልምድ ያለውን ተጫዋች ከጀማሪው የሚለየው ቀጥሎ ያለው ሁኔታ ነው። አንድ ሰው «ከንፈር» ብሎ ከፍቶ ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴ አገኘ። ቀጥሎ «ግንባር» አለ፤ ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ተመለሰለት። ሦስተኛው ቦታ ከ«በ» ረድፍ ነው፣ «ባ» ግን አይደለም፤ ሌሎቹን ድምፆች ቢሞክር የታወቀ ቃል የሚወጣለት በ«በ» ነው። እሰየው ሊል ይችላል፤ ግን እስቲ የቀሩትን ቃላት እንቁጠር፦ «ወንበር»፣ «ቀንበር»፣ «መንበር»፣ «ሰንበር»፣ «ድንበር»። አምስቱም የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው፣ የቀረውም ግምት አራት ነው። አንድ በአንድ ቢሞክራቸው፣ ዕድል ፊቱን ካዞረችበት፣ አራቱንም ጨርሶ አምስተኛው ይቀርበታል።

እዚህ ላይ የሚደረገው፣ ቃሉ ሊሆን እንደማይችል እያወቁ፣ ለመጠየቅ ያህል ብቻ ሌላ ቃል መላክ ነው። «መወሰን» ብለን እንላክ። «መ» አረንጓዴ ከሆነ ቃሉ «መንበር» ነው። «ወ» ቢጫ ከሆነ «ወንበር»፣ «ሰ» ቢጫ ከሆነ «ሰንበር» ነው። ሦስቱም ግራጫ ከሆኑ የሚቀሩት «ቀንበር»ና «ድንበር» ብቻ ናቸው፤ ለእነርሱ ሦስት ግምት አለ። «ጀምበር»ን በ«ን» «ጀንበር» ብለው የሚጽፉ ሰዎች ባሉበት ቡድን ውስጥ ብንሆን እንኳ ሦስት ቃል ለሦስት ግምት ይሆናል እንጂ አንወድቅም። የ«ን» መልስ ቢጫ እንደሚሆን አስቀድሞ ይታወቃል፤ እርሱን ለመጠየቅ አልላክነውም። ዎርድል ውስጥ እንዲህ ያለውን ዘዴ የሚከለክል ከባድ የተባለ አጨዋወት አለ፤ እርሱን የመረጠ ተጫዋች የተገለጠለትን ፊደል በሚቀጥለው ግምት ሁሉ እንዲጠቀም ይገደዳል። እኛ አልተቀበልነውም። ቃሉን ላለመምታት ሆን ብሎ መጻፍ በጨዋታው ውስጥ ካሉት ብልኃቶች ሁሉ ጣፋጩ ስለሆነ መከልከሉ ይቆጫል።

ለሰዋሪው የሚነገረው ጥቂት ነው። ሁሉም የሚያውቀውን ቃል ይምረጥ፤ ከመዝገበ ቃላት ጥግ የተቆፈረ ቃል ሰዎችን ያናድዳል እንጂ አያጫውትም። ዋርድልም የጀመረው ወደ 12,000 ከሚጠጉ ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃላት ሲሆን፣ ፓላክ ሻህ አንድ በአንድ አይታ የምታውቃቸውን ስትለይ ለመልስነት የቀሩት ወደ 2,500 ገደማ ናቸው። ቃሉን ከመላክ በፊት በወረቀት ላይ በአራት ሳጥን ውስጥ ጽፎ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ በቃል ብቻ የያዘ ሰው ለአንዱ «ረከቦት»ን ለሌላው «ረኮቦት»ን በልቡ ይዞ ቀለም ሊሰጥ ይችላል፣ ደርሶብናልም። ቀለሙን ሲሰጥ በመጀመሪያ አረንጓዴዎቹን ሁሉ፣ ከዚያ ሰማያዊዎቹን፣ በመጨረሻም ቢጫዎቹን ቢያወጣ፣ በተደጋገመ ፊደል ላይ አይሳሳትም። ቀኑ ሲያልቅ መልሱ ለሁሉም ይገለጣል፤ አንዳንዱ በሥራ ምክንያት ማታ ስለሚጫወት፣ ቃሉን ሲነኩት ብቻ በሚገለጥ ስውር ጽሑፍ መላክ ደግነት ነው።

ስድስት ግምት ጨርሶ ቃሉን ያላገኘ ሰው ምን እንደሚደረግ ለመወሰን ብዙ አልደከምንም፤ ከእንቆቅልሽ ወሰድነው። ሰዋሪው «ሀገር ስጠኝ» ይላል፣ የተሸነፈውም ከተማ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ቃሉ ይነገረዋል። የተሰጠ ከተማ በዚያው ወር ተመልሶ አይሰጥም። እኅቴ ባለፈው ወር ጎንደርን፣ ደሴንና ሐረርን ከእኔ ወስዳለች፤ ሐረር የሄደችው በ«መስቀያ» ነው፣ በአራተኛው ቦታ ሦስት ጊዜ ከ«ለ» ረድፍ ስሞክር ውዬ።